ለዳሃቦ የተገጣጠመ ድምፅ

ድሬ ውስጥ፣ መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ሰማታርን የማያውቅ አልነበረም። ሻይ ቤቱ ከጨርቅ ተራው ጀርባ፣ የጀልዴሳ ሰዎች ግመሎቻቸውን ከሚያሳርፉበት ሜዳ ጥግ ላይ ነበረች። ያላት ንብረት አራት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከሰል ላይ ሲንተከተክ የሚውል የወተት ሻይ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነው። ሰዉ ሻይ ልጠጣ ብሎ ቢገባም ልቡ ያለው ሬዲዮው ዘንድ ነበር። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ገና መግባታቸው ነው፤ ሬዲዮ በየቤቱ አልነበረም። ፀሐይ ዘወር ስትል የሐርጌሳው የሶማልኛ ሥርጭት ይጀምራል፣ ወንበሩ ሞልቶ ሰዉ ደጅ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ሰማታርም ብርጭቆ ያንኳኳ ሰው ካለ ዓይኑን ያፈጥበታል።

ሚስቱ ዳሃቦ ደግሞ በገንደ ቆሬ ሰፈር ሴቶች ዘንድ ከሬዲዮው ትበልጥ ነበር። የሶማሌ ሴቶች በሠርግና በወሊድ ከበሮ እየመቱ የሚያወርዱት ግጥም አለ፣ ቡራንቡር ይሉታል፤ እሷ የዚያ ግጥም ባለቤት ነበረች። ሙሽራ ሲዳር «ዳሃቦን ጠራችኋት ወይ?» ሳይባል ድግስ አይጣልም። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ከሴቶቹ እልልታ ሥር እንደ ምሰሶ የሚቆም ነበር። ቤት እየሠራች፣ ልብስ እያጠበች ስንኝ ትፈትላለች፤ ሰማታርን እየሰደበች እንኳ ስድቧ ቤት ይመታል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ዘመዶቹ ሌላ ሚስት እንዲያገባ ሲወተውቱት «አንዷን ዝም ማሰኘት አቅቶኝ ሁለት አምጥቼ የት ልገባ?» እያለ በሳቅ ያሳልፈው ነበር።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ሳሉ ደም አመጣ። ሐኪም ቤት ስትገባ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለች፤ በዚያን ጊዜ ይህን ስም የሰማ ሰው ሁሉ ከፈኑን ነበር የሚያስበው። ነገር ግን አዲስ መርፌ መጥቷል፣ ሰው ያድናል አሏቸው። ወራት ሙሉ ተወጋች። መቀመጫዋ ቆስሎ በጎኗ መተኛት እስኪያቅታት ድረስ ተወጋች። እውነትም ዳነች፤ ደሙ ቆመ፣ ሥጋዋም ተመለሰ። ሰማታር ፍየል አርዶ ጎረቤት አበላ።

ሥጋው ሳያልቅ ነው ሌላው የጀመራት። «ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ፊሽካ ይነፋል» አለች። እሱ የምር አልመሰለውም፤ ድሬ ውስጥ የማንም ጆሮ የባቡር ፊሽካ አያጣም። ቀጥሎ ስትራመድ መሬቱ እየሸሸባት ግድግዳ መደገፍ አመጣች። ከዚያ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ሦስት ጊዜ በስሟ ጠራት። ዞር አላለችም።

ሐኪም ቤት ውስጥ ሲስተር ተሻለች የምትባል የሐረር ልጅ ነበረች፤ መርፌውን ስትወጋት የከረመች ነርስ ናት። ሰማታርን ኮሪደር ላይ ለብቻው አቆመችው።

«እውነቱን ልንገርህ» አለችው። «መድኃኒቱ ሳንባዋን አዳነ፤ ጆሮዋን ግን ጎዳው። በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። ግራው ሄዷል። ቀኙም እየሄደ ነው።»

«ለጆሮዋስ መድኃኒት የለውም?»

«የለውም። ዛሬ የምትሰማውን የዛሬ ዓመት አትሰማውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አውራት» አለች ተሻለች። «ቀኝ ጆሮዋ ሥር ተጠግተህ አውራት። እስኪያልቅ ድረስ አውራት።»

ሰማታር ይህ ምክር አናደደው። በሽታ ሲመጣ ወንድ ልጅ ሮጦ መድኃኒት ያመጣል እንጂ ተቀምጦ ወሬ ያወራል እንዴ? ለእሱ ነገሩ «ተስፋ ቁረጥና እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» እንደማለት ነበር። ቤት ሲገባ ዳሃቦ «ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችው። «ይሻላታል አለች» አላት፣ ጮክ ብሎ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ተዳረች። ዳሃቦ እንደ ልማዷ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ማውረድ ጀመረች። ከበሮው አንድ ቦታ፣ እሷ ሌላ ቦታ። የራሷን ድምፅ መመዘን ስላልቻለች ትጮኻለች፤ ሴቶቹ መቀበያው ላይ ደርሰው ሲመልሱላት አልሰማችም፣ በላያቸው ላይ ሄደች። ልጃገረዶቹ በሻሻቸው ውስጥ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ተነሥታ በክንዷ ይዛ አስቀመጠቻት። ሰማታር ይህን የሰማው ከሰው ነው። ቤት ሲገባ ተቀምጣ አገኛት፤ ከበሮዋን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ከበሮው የሚሰቀልበትን ሚስማር ሳይቀር ከግድግዳው ነቅላዋለች።

ጃማዕ የሚባል አብሮ አደጉ ከጅቡቲ ድሬ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ሻይ እየጠጣ የሰማታርን ብሶት ሰማና «ጅቡቲ ውስጥ አንድ ነገር አይቻለሁ» አለው። የፈረንሳይ መርከበኞች በትርፍ ጊዜያቸው የሚገጣጥሙት የድምፅ ማጉያ ነው። ዕቃው ሳይሠራ ተበታትኖ በካርቶን ይመጣል፤ ገዢው ራሱ እያገናኘ ይጨርሰዋል። ሲያልቅ ከሬዲዮ ጋር ይያዛል፣ ድምፁም በጆሮ ማዳመጫ ይወጣል። «ጆሮህ ላይ አድርገኸው ቁልፉን ብታዞረው» አለ ጃማዕ፣ «የሞተ ይቀሰቅሳል፣ ወላሂ!»

ሰማታርን እንቅልፍ የነሳው ይህች ቃል ናት። በሚቀጥለው ጉዞ ካርቶኑ ከጅቡቲ መጣ።

ካርቶኑን ተሸክሞ በቀጥታ የሄደው ሙመድ ዘንድ ነው። ሙመድ በደቻቱ ወንዝ ዳር ጠባብ ሱቅ የነበረው ሐረሪ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ የሻይ ቤቱን ሬዲዮ ሲያክም የኖረው እሱ ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ቀዳዳ ቀዳዳ የተበሳሳ የብረት ገበታ፤ እንደ ጡብ የሚከብድ ትራንስፎርመር፤ ቫልቮላ የሚሉት፣ ሆዱ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ያለው የመስታወት አምፖል ሦስት፤ ወገባቸው ላይ የቀለም ቀለበት የታሰረላቸው ደቃቅ ዕቃዎች፤ ከዚያ ደግሞ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ።

«ማን ነው የሚገጣጥመው?» አለ ሙመድ።

«አንተ ነሃ!»

«አቦ፣ ተው እንጂ!» ሙመድ መነጽሩን አወለቀ። «ዋርያ ሰማታር፣ ሬዲዮ ሲታመም አውቃለሁ። ሰው ሲታመም አላውቅም። ድምፁን ላጎላው እችላለሁ፤ የሚሰማ ጆሮ ግን ከየት ላምጣልህ? ነገ ባይሰማት ሙመድ አበላሸው ነው የምትለው።»

«አልልህም።»

«ትላለህ። ሰው ነህ።» ዕቃውን መልሶ ወደ ካርቶኑ ማስገባት ጀመረ። «አንተ ሥራው። እኔ አሳይሃለሁ። ይህን ያህል ከቻልኩ ይበቃኛል።»

ሰማታር ከሻይ ማንቆርቆሪያ ሌላ ዕቃ ይዞ የማያውቅ ሰው ነበር። ሙመድ መበየጃውን አስጨብጦ ሽቦ ከሽቦ የሚያጣብቀውን ሊድ ማቅለጥ አስተማረው፤ መጀመሪያ ሽቦውን አሙቅ፣ ሽቦው ራሱ ሊዱን ይጠጣው፣ ሲበርድ ካብረቀረቀ ይዟል፣ ጭጋግ ከመሰለ አልያዘም፣ ፍታው። የቀለም ቀለበቶቹን ማንበብም አስተማረው። ከሁሉ በላይ ግን ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ኮንደንሰር በሚባለው ጣሳ ላይ ነው። «ይህ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ከግድግዳው ነቀልኩት ብለህ ሞቷል እንዳትል። በሽቦ ነክተህ ሳታራግፈው እጅህን አታግባ።»

ሥራው የተጀመረው ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው መኖሪያ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ሰማታር ከካርቶኑ ጋር የመጣውን የመገጣጠሚያ ስዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አስጠግቶ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጠ። ገበያ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እዚያ ነው። እጁ ገና ስላልለመደ የበየደው ሁሉ ይፈርሳል፤ ያያዘውን ለሙመድ ያሳያል፣ ሙመድ ግማሹን ያስፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሙቀቱ ላይ የመበየጃው ሙቀት ተጨምሮ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ዳሃቦ ሻይ ይዛለት ትመጣለች። ቆማ ታየዋለች። አንዳንድ ጊዜ «ዛሬ እኮ...» ብላ የጎረቤት ወሬ ትጀምርለታለች። እሱ ሽቦውን በጥርሱ ይዞ፣ ሳይዞር፣ ግራ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ቆይ ማለቱ ነው። ሻዩ ይቀዘቅዛል።

እንዲህ ሆኖ በጋው አለፈ። ዝናቡ ሄደ፣ ሌላ ሙቀት መጣ።

ሊያልቅ ሲቃረብ ነው አደጋው የደረሰው። ማጉያው ሲከፈት ይጎመጉማል እንጂ ድምፅ አልሰጥ ብሎት፣ ከግድግዳው ነቅሎ ገልብጦ ሽቦ ሲፈልግ ጣቱ ጣሳውን ነካ። ያን ቀን ማራገፉን ረስቶ ነበር። የሆነውን አያስታውስም፤ ወለሉ ላይ በጀርባው ወድቆ፣ ወንበሩ ደረቱ ላይ ሆኖ ነው የነቃው። ግራ እጁ እስከ ትከሻው የሱ አይደለም። የሥጋ ጠረን ሸተተው፤ የራሱ ጣት ነበር። ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ ደጅ ያለው ደንበኛ ሁሉ ሰምቶ ሲሮጥ፣ ዳሃቦ እዚያው ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ እያጠፈች ነበር። የሰዉ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲበዛባት ዞር አለች።

ጩኸቷን መጋላ ሰማው። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ «ይብቃህ! ይብቃህ! ለኔ ብለህ ልትሞትብኝ ነው?» እያለች ትጮኻለች፣ ምን ያህል እንደምትጮኽ ሳታውቅ። ሰማታር ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ደህና ነኝ ሊላት ሞከረ። እሷ ዓይኑን እንጂ ከንፈሩን አላየችም።

እጁ እስኪድን ሳምንታት ወሰደ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ተኮማትረው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ይተወዋል ያለ ሁሉ ተሳሳተ። ይባስ ብሎ ያዘው። ሥጋውን ከከፈለበት ወዲያ እንዴት ይተወው?

በመጨረሻ ጉምጉምታው የመጣው ገበታው ላይ በደንብ ካልተበየደች አንዲት ሽቦ እንደሆነ ሙመድ አገኘለት። ሰማታር በዳነችው እጁ በየደው። ከሬዲዮው ጀርባ እስከ ክፍሉ ሽቦ ዘረጋና ማጉያውን ከፈተው፤ ቫልቮላዎቹ እንደ ፍም ቀሉ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። አንዲት ሴት ትናገር ነበር፤ ትንፋሿ፣ ምራቋን ስትውጥ ሳይቀር ይሰማል። ጉንጩ ላይ አፏን ያሳረፈች መሰለው። ሰማታር አለቀሰ።

ዳሃቦን አስቀመጣት። ሻሿን ራሱ ገለል አድርጎ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አስተካከለላት። ቁልፉን ቀስ እያለ አዞረ። አየችው። ጨመረው። ሙመድም በሩ ላይ ቆሟል። ቁልፉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከማዳመጫው እያመለጠ ቆመው ለነበሩት እንኳ ይሰማ ነበር። የዳሃቦ ዓይን ከቁልፉ ወደ ሰማታር የተኮማተሩ ጣቶች፣ ከዚያ ወደ ፊቱ ሄደ።

ከዚያ ፈገግ አለች። «ሴት ናት» አለች። «ሴት ናት የምትናገረው።»

ሰማታር ወደ ደጅ ወጥቶ ሻይ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ በነፃ አጠጣ። ሙመድ ብቻ ሳይጠጣ ወደ ሱቁ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሥርጭቱ ሲጀምር ዳሃቦ ጓዳው ውስጥ ማዳመጫውን አድርጋ ትቀመጣለች። ሰማታር በበሩ ብቅ እያለ ያያታል፤ ራሷን ታወዛውዛለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ደስታው ልክ አልነበረውም። ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። «ጆሮ ሞተ ያሉኝ እነሱ ናቸው፣ ይኸው!» ይላል። ሐኪም ቤት ሄዶ ለሲስተር ተሻለችም ነገራት፤ እሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሌላ ነገር ሳትጨምር ወደ ሥራዋ ገባች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሬዲዮው ላይ ግጥም እየተነበበ፣ የከተማው መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት አዲስ ነገር አልነበረም። ሬዲዮው መሀል ስንኝ ላይ ጸጥ አለ፣ ደንበኛው አጉረመረመ፣ ሰማታር «አብሽሩ፣ ይመጣል» ብሎ ዳሃቦ እንዳትደነግጥ ሊነግራት ወደ ጓዳ ገባ።

አልደነገጠችም። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ቀን ነው፣ ክፍሉ ብርሃን ነው። ጀርባዋን ለማጉያው ሰጥታ፣ ማዳመጫውን እንዳደረገች ዓይኗን ጨፍና ራሷን ታወዛውዛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከጀርባዋ ቫልቮላዎቹ ጠፍተው መስታወታቸው ብቻ ይታያል።

ሰማታር እዚያው ቆመ። መብራቱ አሁን ይመጣል፣ መጥቶም ይህን ያየሁትን ያጠፋልኛል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። እሷ መወዛወዟን አላቆመችም። ቀስ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዓይኗን ስትገልጥ አየችው፤ ፈገግታዋ ዝግጁ ነበር። ፊቱን ስታነብ ግን ዓይኑ ወዳረፈበት ዞር አለች፣ ጠፍተው የነበሩትን ቫልቮላዎች አየች። ማዳመጫውን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሰማታር። በእጁም እያመለከተ ደጋግሞ ነው የጠየቃት።

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች። በዝግታ ተናገረች፤ ለራሷ ያልተሰማት ድምፅ ሸካራ ነበር። «የመጀመሪያ ቀን እንደ ዝንብ ያለ ነገር ነበር። ሴት ናት ያልኩት አንተ ስታለቅስ አይቼህ ነው። ወንድ ቢሆን አታለቅስም ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ወዲያ ዝንቡም የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እጁን ያዘች። የተቃጠሉትን ጣቶች ለመዘርጋት እንደሚሞክር ሰው ዳበሰቻቸው።

«ይህን እያየሁ ምን ልበልህ?»

ደጅ ላይ ሰዎች ይጣሩ ነበር፤ ሰማታር፣ ሻይ፤ ሰማታር፣ ሒሳብ። ሰማታር አልተነሣም።

«ያኔ ግን እሰማ ነበር» አለች ዳሃቦ። «ስትሠራው። ቀኝ ጆሮዬ ያኔ ነበረ። ቀረብ ብለህ ብትናገር እሰማህ ነበር። ሻይ ይዤ የምመጣው ለዚያ ነበር። እጅህን ታነሣብኛለህ።» ቁጣ አልነበረባትም፣ ያለቀ ነገር እንደሚነገር ነው የነገረችው። «መጨረሻ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። አላስተዋልኩትም።»

ሰማታር ማዳመጫውን ከጉልበቷ ላይ አነሣ። ቢመልስስ ማን ይሰማዋል?

ማጉያውን አልሰበረውም፤ ለሙመድ ወስዶ ሰጠው።  ሙመድም ኋላ ከዚራ ሰፈር ለሚኖር አንድ የውጭ ሰው፣ ሸክላ ማዳመጥ ለሚወድ፣ እንደሸጠለት ተሰማ። ሰውየው እንደዚህ የጠራ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ብሎ አመስግኗል አሉ።

ባልና ሚስቱ ሌላ ንግግር መማር ነበረባቸው። የከሰዓቱን ሻይ ለጎረቤት አስረክቦ እሱ ከዳሃቦ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ከንፈሩን ሰፋ አድርጎ፣ ቃሉን እየቆራረጠ ይናገራል፤ እሷ ታነባለች። መጀመሪያ ውኃን ወተት እያለች፣ ስም ከስም እያምታታች ሁለቱንም ያስመርራቸው ነበር። እየቆየ ተግባቡ። ድምፅ ስለማያስፈልጋት ድምፁን ተወው፤ ከንፈሩ ብቻ ይሠራል። ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ሠርጋቸው ድንኳን፣ ስለ ሞቱ ሰዎች ያወሯት ነበር እነዚያ ከንፈሮች። የምትስቅበት ቀን ነበር። ግጥም ግን አላወረደችም። ጠይቋት ያውቃል፤ «ምቱን አላገኘውም» አለችው።

ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ መርፌው አልሠራም። ዝናብ በሚጥልበት ወር፣ በጧት፣ ሰማታር ወተት ሊያሞቅ ደጅ ወጥቶ ሲመለስ ሞታ አገኛት።

አስከሬኗ እንዳያድር በዚያው ቀን ሊቀብሯት ሲወጡ ተራራው ላይ የዘነበው ደቻቱን ሞልቶት ነበር። በበጋ ሰው ወደ ገበያ የሚሻገርበት አሸዋ፣ ያን ቀን ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ቃሬዛውን ዳር ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ጃማዕ ጃንጥላ ይዞ አስከሬኑ ላይ ቆመ። ሙመድ ሰማታርን በክንዱ ደገፈው። ውኃው ጎድሎ ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ መሻገር እስኪችል ከሰዓቱ ተጋመሰ።

ሰማታር ዓመቱ ሳይዞር ሻይ ቤቱን ከነሬዲዮው ሸጠ። ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው ዋሂል ገብቶ ስኳርና ክብሪት የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ብቻውን ኖረ፣ ብቻውን አረጀ። የዋሂል ሰዎች መጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ የተነካ መስሏቸው ነበር። ዕቃ የሚገዛውን ሰው ፊት ለፊት አቁሞ፣ አፉን ሰፋ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየቆረጠ ነው ዋጋ የሚነግረው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ አይወጣውም። ያን ጊዜ ገዢው «ምን አልክ፣ ሰማታር? ጮክ በል እንጂ!» ይለዋል። እሱም ድምፅ እንዳላወጣ ገና ያን ጊዜ ያውቃል፤ ጉሮሮውን ይጠርግና እንደገና ይናገራል።